አያቲቱ አንሳለች

ማማ ቶማሳ ሲየስኬን በገዛ ራሳቸው የሸክላ ማቃጠያ ጉድጓድ አፋፍ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው የተገኙት ቅዳሜ ማለዳ ነው። የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ነበሩ። ኢንስፔክተር ዴልፊና ፑይኮን የበረሃውን አቧራ እየቃመች ከፔሩዋ ቺክላዮ ከተማ ባሮ ኔግሮ መንደር ስትደርስ ረፋድ ሆኗል። አስከሬኑ ታጥቦ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሶ፣ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ለቀስተኛውም ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ቺቻውን፣ የበቆሎ ጠላውን፣ በቅል ይቀባበላል።

«አስከሬኑን ማን ነው ያስነሳው?» አለች፣ አንድ እግሯን ገና ከመኪናዋ ሳታወርድ።

የመንደሩ ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ ሳጅን ዊልመር ቼሮ ቆቡን አወለቀ። ሃምሳን ያለፈ፣ ቦርጩ ቀበቶውን የሸፈነው፣ ለምንም ነገር የማይቸኩል ሰው ነው።

«ዶክተር ኡቢዩስ ናቸው፣ አለቃ። ጎህ ሲቀድ መጥተው አዩአት። የሞት ወረቀቷንም እዚሁ ቆመው ጻፉ።»

ዴልፊና ወረቀቱን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የሞት ምክንያት፦ በእርጅና የመጣ መውደቅ። እሷ ራሷ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ቺክላዮ ያሉት ጎረምሳ መርማሪዎች ከጀርባዋ «ጡረተኛዋ» እንደሚሏት ታውቃለች። ጠዋት ጉዳዩን የሰጣት አለቃዋም «የአሮጊት ነገር ነው፣ አንቺ ትሻያለሽ» ብሎ ስቆባታል። ንዴቱ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አልለቀቃትም።

«እርጅና ሰው ይገፈትራል እንዴ?»

«እንግዲህ አሮጊቷ ሸክላ ልታቃጥል ወጣች፣ እግሯ ከዳት፣ ድንጋይ መታት። ሰማንያ አንድ ዓመት እኮ ነው፣ አለቃ።»

«አሮጊቷ አትበል። ስም አላቸው።»

«ማማ ቶማሳ» አለ ቼሮ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ በአሥር ሰዓት።»

በዚህ ወረቀት ከተቀበሩ ፋይሉ ተዘጋ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕጉ ለአንዲት አሮጊት ብሎ መቃብር አያስከፍትም። ዴልፊና ሰዓቷን አየች። የቀራት አንድ ቀን ከምናምን ነው።

«ታዲያ እኛ ጋ ማን ደወለ?»

«የወንድሟ ልጅ ሴጉንዶ። ሰክሮ ነው የደወለው። እኔን ከጠየቁኝ፣ ነገሩ ወንጀል ከሆነ ወንጀለኛው እሱ ነው። ቦታውን ሽጪልኝ እያለ ሲጨቀጭቃት ነው የከረመው።»

ዴልፊና መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ ሄደች። ለቀስተኛው እያጉረመረመ የማማ ቶማሳን ነጠላ ገልጣ ራሳቸውን ዘወር አደረገች። ቁስሉ ከማጅራታቸው በላይ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ በጠፍጣፋ ነገር ጠርዝ የተሠራ። በግንባሩ የተደፋ ሰው ማጅራቱን በምን ይመታል? ይህን ለማየት ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ዓይን ይበቃል።

ሴጉንዶን ጉድጓዱ አጠገብ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ቺቻ ቺቻ ይሸታል፤ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጉድጓዱ ውስጥ አልጋሮቦ የሚባለው የበረሃ ዛፍ እንጨት አመድ ሆኗል። ዙሪያውን ገል ተበታትኗል፤ አንዳንዱ አጥሩ ድረስ ተፈናጥሯል።

«እስኪ ይዩልኝ» አለ ሴጉንዶ አንድ ገል አንስቶ። በጣቶቹ መሐል ፈተገው፣ ዱቄት ሆነ። «ከላይ ተለበለበ፣ ውስጡ ጥሬ ጭቃ ነው። እነዚህን ረቡዕ ነው የሠራችው፣ ጭቃውን የረገጥኩላት እኔ ነኝ። ስምንት ቀን ጥላ ውስጥ መድረቅ ነበረባቸው። እርጥብ ሸክላ እሳት ሲነካው ይፈነዳል።»

«ጃጅታለቻ!» አለ ቼሮ ከኋላ። «ረስታው ይሆናል።»

ሴጉንዶ ዞረበት። «አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ እርጥብ ገንቦ እሳት ዳር ስላስቀመጥኩ በጭቃ መምቻዋ ወገቤን ብላኛለች። ስሟን ትረሳለች እንጂ እጇ ይህን አይረሳም! ምን ትለፈልፋለህ አንተ?»

ዴልፊና በዱላ አመዱን ስትቆሰቁስ የከሰለ ጠፍጣፋ እንጨት ወጣ። እጀታው ተርፏል፣ ከብዙ ዘመን አያያዝ የተነሣ የጣት ቅርጽ ወጥቶበታል። ሴጉንዶ እንዳየው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«መምቻዋ ነው። የአያቴ እናት መምቻ። ሴቶቹ ከሳጥኑ እናስገባላት ብለው ጠዋት ሙሉ ሲፈልጉት ነበር።» አፍንጫውን በእጁ ጠረገ። «በዚህ ነው ጭቃ የሚመታው፣ ከእናት ለልጅ የሚተላለፈው። መምቻውን የሚያቃጥል የሸክላ ሠሪ ዘር ሰምተው ያውቃሉ?»

አልሰማችም። አንድ ሰው ማማ ቶማሳን በገዛ መምቻቸው መትቷቸዋል። ከዚያ መምቻውን ሊያጠፋና አደጋ ሊያስመስል እሳት ለኩሷል። ያ ሰው ስለ ጭቃ ምንም አያውቅም። ቼሮ ሴጉንዶን ሊያስር ያወጣውን ካቴና ቀስ ብሎ ወደ ቀበቶው መለሰ።

«ከመንደሩ ውጪ ማን መጥቶ ነበር?» ጠየቀች።

ሴጉንዶ የሚጠቁመው ሰው ነበረው። ኒካኖር የሚባል፣ የጥንት ዕቃ ገዝቶ የሚሸጥ፣ ነጭ ፒካፕ የሚነዳ ሌባ። ረቡዕ ለት በራቸው ድረስ መጥቶ አክስቱ በዱላ አባርራዋለች። ዴልፊና የቀረውን ግማሽ ቀን ስልክ ላይ አሳለፈችው። ለቺክላዮ ደወለች፣ ለመንገድ ፖሊስ ደወለች፣ ሦስት ሰው ላይ ጮኸች። መጨረሻ ላይ አንድ የሚያንቀላፋ ድምፅ ኒካኖር የታለ ለሚለው ጥያቄዋ መልስ ሰጣት። ኒካኖር ከዓርብ እኩለ ቀን ጀምሮ በሐሰተኛ ሰሌዳ ተይዞ ከእሷው ቢሮ ሁለት ፎቅ በታች ታስሮ ተቀምጧል።

ዶክተር ኡቢዩስ አመሻሹ ላይ ለለቅሶ መጣ። ረጅም፣ ሸበቶው የሚያምርለት ሰው ነው። ሴቶቹ ወንበር ለቀቁለት፣ ቅል ሞልተው ሰጡት። ዴልፊና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ቁስሉ ከኋላ ነው፣ ዶክተር።»

«መጀመሪያ ወደ ኋላ ወድቃ፣ ልትነሣ ስትሞክር በፊቷ ተደፋች። በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው።» ድምፁ ለስላሳ ነው። «አይፍረዱብን፣ ኢንስፔክተር። እኛ ሐኪሞች የዘመኑን እርጅና በቅጡ አናየውም። የጥንት ሰዎች ናቸው ያዩት። በዚህ መንደር ኤግዚቢሽን ውስጥ ያለችውን የሸክላ አያት አይተዋታል? አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመቷ ነው። ጥርስ የለሽ አፏ፣ የወደቀው የግራ ዓይኗ ቆብ፣ የአንገቷ ጅማት! ሠሪው አንዲት ሽብሽብ አላለፈም። መጋቢት ላይ ሊማ ሄጄ ስለ እሷ ንግግር አድርጌ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።»

«ማማ ቶማሳን መጨረሻ ያዩአቸው መቼ ነው?»

«ከወር በላይ ይሆነዋል። ምስኪን፣ አእምሮዋ እየከዳት ነበር። ማክሰኞ ዕለት ኤግዚቢሽኑ ውስጥ ቆማ ‹አያቲቱ አንሳለች› አለች አሉ። የሸክላ ምስል ልክ እንደ ሰው አርጅታ ያጠረች መስሏታል!»

ለቀስተኛው ፈገግ አለ። ቼሮም መሳቅ ጀምሮ መሐል ላይ ዋጠው። ዴልፊና ያን ዋጥ ያደረገውን ሳቅ አየች፣ ግን ምን ትርጉም ትስጠው?

እሑድ ጠዋት ማማ ቶማሳ የሚሠሩበትንና የሚያድሩበትን ጎጆ አንድ በአንድ አገላበጠች። አልጋቸው ሥር በጆንያ የተጠቀለለ፣ ሁለት ግማሽ ሆኖ የሚገጠም ወፍራም የሸክላ ዕቃ አገኘች። ውስጡ ጎድጉዷል። የጎደጎደውን በጣቷ ስትዳስሰው አፍንጫ፣ የገባ ጉንጭ፣ ሽብሽብ ተሰማት።

ሴጉንዶ ሲያየው ግራ ገባው። «ቅርጽ ማውጫ ነው። ከአያቲቱ ላይ የተወሰደ። ጭቃውን እዚህ ውስጥ ትጠቀጥቂና... ይቅርታ፣ ይጠቀጥቁና፣ ሁለቱን ግማሽ ይገጥማሉ፣ ሲደርቅ ምስሏ ይወጣል። ግን መቼ ሠራችው? ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም።»

«የሚወጣው ምስል ከዋናዋ በምን ይለያል?»

«በምንም። ሽብሽቧ ሳይቀር ይወጣል። ትንሽ ማነሷ ነው እንጂ።»

ዴልፊና ቀና አለች። «ምን አልክ?»

«ጭቃ አይደል? ሲደርቅ ይቀንሳል፣ እሳት ሲገባ ደግሞ ይቀንሳል። አንድ ስንዝር ያስገቡት ሁለት ጣት ያህል...» ሴጉንዶ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ቀስ ብሎ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ወይኔ አክስቴ! አያቲቱ አንሳለች ስትል...»

«ትስቁባቸው ነበር» አለች ዴልፊና። ጩኸቷ ግቢው ድረስ ተሰማ። «ይህ መንደር በሙሉ ሸክላ ሠሪ ነው። ጭቃ እንደሚያንስ ጡት የሚጠባ ሕፃን ያውቃል። አንድ ሰው እንኳ ‹ምን ማለቷ ነው?› አላለም!»

ሴጉንዶ ቅርጽ ማውጫውን በጆንያው መልሶ ጠቀለለላት።

ኤግዚቢሽኑ ድሮ የመማሪያ ክፍል የነበረ አንድ ክፍል ነው። ቁልፉን የያዙት ጡረተኛው መምህር ዶን ኤቫሪስቶ ባንሴስ የመስታወቱን ሳጥን ከፈቱ። አያቲቱ ከአልጋሮቦ እንጨት በተጠረበ ማስቀመጫ ላይ ተቀምጣለች፤ ድዷን አሳይታ፣ አንድ ዓይኗን ከድና። ማማ ቶማሳ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ከበቆሎ ማሳ ቆፍረው አውጥተዋት፣ ስንት ገዢ መልሰው፣ ሃምሳ ዓመት አልጋ ሥር አኑረዋት፣ ይህ ቤት ሲከፈት ለመንደሩ የሰጧት ናት። ዴልፊና በጣቷ ነካ አደረገቻት። ምስሏ ተንገጫገጨች።

«ማስቀመጫው ሁልጊዜ እንዲህ ይሰፋል?»

«ኧረ በፍጹም! አናጢው በልኳ ነው የጠረበው፣ ልክክ ትል ነበር።» ዶን ኤቫሪስቶ ጎንበስ ብለው አዩ። ፊታቸው አመድ ሆነ።

ዴልፊና ያመጣችውን ቅርጽ ማውጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ምስሏን ግማሹ ውስጥ አስገባቻት። የልጅ እግር የአባቱ ጫማ ውስጥ እንደገባ ሆነች፤ ዙሪያዋን ጣት ያስገባል።

«ይህቺ ቅጂ ናት፣ ዶን ኤቫሪስቶ። ዋናዋ ከዚህ ቤት የወጣችው መቼ ነው?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወጣችው። የካቲት ላይ፣ ለሦስት ሳምንት፣ ለጥናት ተብሎ። ፊርማውም አለ...» ሽማግሌው መዝገቡን ገልጠው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኖሩ። ዴልፊና ራሷ አነበበችው። ዶክተር ሮማን ኡቢዩስ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ዴልፊና ወደ ለቅሶው ቤት ተመልሳ አስከሬኑን ያጠቡትን ጎረቤት፣ ዶኛ ፓውላ ፋሮኛንን፣ ወደ ጓዳ ጠራቻቸው። እሳቸውም ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ የጥፍራቸው ሥር ዘላለም ጭቃ ነው።

«ልብሳቸው ውስጥ ምን ነበር?»

«ምን ይኖራታል ብለሽ ነው ልጄ? መሐረቧ ጫፍ ላይ የቋጠረችው ቁራጭ ወረቀት ነበር፣ ቆሻሻ ነው ብዬ...» ከመደርደሪያ አንስተው ሰጧት።

የጤና ጣቢያው የወረፋ ወረቀት ነው። ቁጥር ሃያ ሰባት። ሐሙስ። ዶክተር ኡቢዩስ። ከወር በላይ አላየኋትም ያለው ዶክተር።

«ወረፋ ላይ አይቻታለሁ» አሉ ዶኛ ፓውላ። «አራት ሰዓት ሙሉ ጠንካራ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። አመመሽ ወይ ብላት ‹አላመመኝም፣ ዕቃዬን መልስ ልለው ነው› አለችኝ። ጃጅታለች ብዬ ዝም አልኩ።» ጭቃውን ከጥፍራቸው ሥር መፋቅ ጀመሩ። «እኔም ሳቅሁ፣ ልጄ። ማክሰኞም ሳቅሁ።»

ዴልፊና ልታጽናናቸው አልፈለገችም። ወጥታ ለዐቃቤ ሕጉ ደወለች። ሰውየው ምሳ ላይ ነበር፣ ሹካው ሲንኳኳ ይሰማል።

«በእሑድ ቀን? ለሰማንያ አንድ ዓመት ሴት? የሐኪም ወረቀት አለ እኮ!»

«የገዳያቸው ወረቀት ነው ያለው። ሰውየው ከቀብሩ በኋላ ወደ ሊማ ሊነሣ ነው። ቀብሩን የሚያስቆም ትእዛዝና የመኪና ፍተሻ ፈቃድ አሁን ይላኩልኝ። እምቢ ካሉኝ ነገ ጠዋት ጋዜጠኛ ይዤ ቢሮዎ እመጣለሁ፣ እርስዎም ለሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ምን እንዳሉ እነግረዋለሁ።»

ሹካው ሳህን ላይ ሲቀመጥ ተሰማት። ትእዛዙ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኳ ላይ ገባ።

መቃብሩ አሸዋ ላይ ነው። ሳጥኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል፤ ዶክተር ኡቢዩስ በጥቁር ኮት ራስጌው ቆሞ ይናገራል። መኪናው በሩቅ ቆሟል፣ ከቀብር በኋላ ወደ ሊማ ሊሄድ ሻንጣው ተጭኗል። «አረጋውያኖቻችን ታሪካችን ናቸው» እያለ ነው። «ጥንታውያን አባቶቻችን የእርጅናን ፊት በጭቃ ያኖሩልን ለምንድን ነው? እንድናከብረው ነው!»

ዴልፊና ሰውን እየሰነጠቀች ገባች። ቅጂዋን ሳጥኑ ክዳን ላይ አስቀመጠቻት።

«ይህቺን ያውቋታል፣ ዶክተር?»

«የመንደሩ አያት ናት እንጂ። ምን ቀልድ ነው ይህ?»

«እናንተስ?» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ። «ዕድሜ ልካችሁን ጭቃ ስትመቱ የኖራችሁ ናችሁ። ቀርባችሁ እዩአት። ማማ ቶማሳ ምን ነበር ያሏችሁ?»

ማንም አልሳቀም። ዶኛ ፓውላ ቀርበው በሁለት እጃቸው አቀፏት፣ በስንዝር ለኳት። «አንሳለች» አሉ። «እውነቷን ነው። ይህቺ የቶማሳ እጅ ሥራ ናት።»

ዶክተሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ቼሮ ግን በዴልፊና ትእዛዝ መኪናውን ከፍቶ ነበር። በሕፃን ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ መጣ። ሲገልጡት ዋናዋ አያት ድዷን አሳይታ ብቅ አለች። ከቅጂዋ በሁለት ጣት ትበልጣለች።

«ለደኅንነቷ ብዬ ነው» አለ ኡቢዩስ። «እዚህ ጎተራ ውስጥ ትሰበራለች!»

«ማማ ቶማሳን ቅጂ ያሠሩአቸው የካቲት ላይ፣ ለጥናት ነው ብለው ነው። ከዚያ ዋናዋን አስቀርተው ቅጂዋን መለሱ። ሐሙስ አራት ሰዓት ወረፋ ጠብቀው መልስልኝ አሉዎት። ወር ሙሉ አላየኋትም ያሉኝ ለዚህ ነው። ዓርብ ማታ ቤታቸው ሄደው ጀርባቸውን ሲሰጡዎት በመምቻቸው መቱአቸው።»

ከዚያ በኋላ የዶክተሩ ለስላሳ ድምፅ ተሰበረ። «ፖሊስ ጋ ሄጃለሁ ብላ አስፈራራችኝ! ሠላሳ ዓመት የገነባሁትን ስም! ስንት ጊዜ ይቀራት ነበር? አንድ ዓመት? ሁለት? ያቺ ሸክላ ገና ሺህ ዓመት ትኖራለች!»

ሴጉንዶ ሊያንቀው ተወረወረ፤ ሦስት ሰው ያዘው። ዴልፊና ራሷ ልታንቀው ምንም አልቀራትም። ካቴናውን አጠለቀችለት፤ ከሚገባው በላይም አጠበቀችው።

«የቀራቸው የእሳቸው ነበር» አለችው። «አንድ ቀንም ቢሆን የእሳቸው!»

ሳጥኑ ጉድጓድ አልገባም። ለአስከሬን ምርመራ ወደ ቺክላዮ ተጫነ። ለቀስተኛው ግን አልተበተነም፤ መቃብሩ አጥር ሥር ቁጭ አለ። ዴልፊና ከጣቢያው ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አስመጥታ አልጋሮቦው ጥላ ሥር አስቀመጠች።

«ማማ ቶማሳ የተናገሩትን የሰማ ሁሉ ቃሉን ይስጥ» አለች ለቼሮ። «አንድ ሰው እንዳይቀር። ጻፍ።»

ቼሮ ተቀመጠ፣ ወረቀት አወጣ። «ከማን ልጀምር፣ አለቃ?»

«ከሳቁት።»

ብዕሩን ከፈተ። ማንንም አልጠራም። ላቡ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ዴልፊና ‹ፖሊስ ጋ ሄጃለሁ› የሚለው የዶክተሩ ጩኸት ትዝ አላት። የጣቢያውን መዝገብ ትናንት አገላብጣዋለች፤ ዓርብ ቀን አንድም አቤቱታ አልተጻፈበትም።

«ዓርብ ጠዋት መጥተው ነበር» አለ ቼሮ፣ ቀና ሳይል። «በባጃጅ ሳይሆን በእግራቸው ነው የመጡት። ‹አያቲቱ አንሳለች፣ ጻፍልኝ› አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«‹ቤትሽ ገብተሽ ዕረፊ፣ አንቺም እኮ አንሰሻል› አልኳቸው። ጣቢያው ውስጥ ያሉት ፖሊሶች ሁሉ ሳቁ።» የብዕሩን ክዳን ገጠመና መልሶ ከፈተው። «በሩ ላይ ደርሰው ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ወጡ።»

ዴልፊና ልትጮኽ አፏን ከፍታ ነበር። ከቅዳሜ ጀምሮ የጮኸችው ሁሉ አልበቃም፤ ለዚህ የሚሆን ጩኸት ግን አጣች። ፊት ለፊቱ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ብዕሩን ከእጁ ወሰደች፣ ወረቀቱን ወደ ራሷ አዞረች።

«ሙሉ ስም» አለችው።